«የለንም» ያለው ሰውዬ

የሚስቱ ዘመዶች «ምናልባት» ነው የሚሉት። «ምናልባት መጣ፣ በሩን ክፈቱለት»፣ «ለምናልባት ወንበር ስጡት» ይባላል። ቅጽል ስሙ ያለ ምክንያት አልወጣለትም። ሰው ለሽርሽር ሲነሣ ምሳውን ይይዛል፤ እሱ ግን «ምናልባት ቢዘንብ»፣ «ምናልባት ቁልፉ ውስጥ ቢቆለፍብን»፣ «ምናልባት አንዳችሁን ንብ ቢነድፋችሁ» እያለ ግማሽ ቤቱን ጭኖ ይመጣል። የሚስቱ ወንድም አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ «አንተ እኮ ገነት ብትገባ መጀመሪያ የምትጠይቀው የአደጋ ጊዜ መውጫው በየት በኩል እንደሆነ ነው» ብሎት ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እሱም አብሮ ሳቀ። አይከፋውም ነበር። እንዲያውም በልቡ ይኮራል፤ የሚሆነው በሆነ ቀን የሚስቁት ሁሉ ወደ እሱ እንደሚሮጡ ያውቃል። የሚያውቅ ይመስለው ነበር።

ሥራው ጉዳት መገመት ነው። አንድ መድን ድርጅት ውስጥ ሆኖ፣ የተጋጨ፣ የተገለበጠ ወይም የተቃጠለ መኪና ሲመጣ ጎንበስ ቀና ብሎ አይቶ ምን እንደደረሰበት ይናገራል። የተጋጨው ምንም አይመስለውም፤ ብረት ነው፣ ይቀጠቀጣል፣ ይቀናል። የተቃጠለው ግን ቤቱ ድረስ ይከተለዋል። መሪው ቀልጦ እንደ ሻማ ተንጠባጥቦ፣ ከመቀመጫው ሽቦው ብቻ ቀርቶ ያየ ቀን እራት አይወርድለትም። የሚገርመው ደግሞ መነሻው ሁልጊዜ ተራ ነገር መሆኑ ነው። የተፋቀ ሽቦ። የላላ የነዳጅ ቱቦ። ከሞተሩ ሥር የተሰገሰገ ደረቅ ሣር።

«ገና ሲጀምር ከደረሱበት ምንም አይደለም» ይላታል ሚስቱን። «ትንሽ የእሳት ማጥፊያ ዱቄት ከተነፋበት ይጠፋል። ካደገ በኋላ ግን አለቀ፤ ራቅ ብሎ ማየት ብቻ ነው።»

ሚስቱ ፋርማሲ ውስጥ የምትሠራ፣ ረጋ ያለች፣ ነገር ግን ምላሷ የማይቻል ሴት ናት። እህቷ የምትኖረው ከሰፊው ደረቅ ሜዳ ማዶ፣ ባሕሩ ዳር ነው። ሁልጊዜ በአውሮፕላን ነበር የሚሄዱት። ዘንድሮ ግን፣ «እስቲ አንድ ጊዜ እንኳን አገሩን መሬት ላይ ሆነን እንየው፤ በመኪና እንሂድ» አለች። ሜዳው ሰው የለበትም። መንገዱ አስፋልት የሌለው ፒስታ ነው፤ ስልክ አይሠራም። እምቢ ይላል ብላ ስትጠብቅ ባሏ ዓይኑ በራ። ይኼ ዕድሜውን ሙሉ ሲዘጋጅለት የኖረው ጉዞ ነበር።

ከዚያ በኋላ ቤቱ ጋራዥ ሆነ። ቅዳሜ ቅዳሜ ኮፈኑን ከፍቶ ሽቦውን በጣቱ እየዳሰሰ፣ የነዳጁን ቱቦ ማሰሪያ እያጠበቀ ይውላል። አካፋ ገዛ። ውሃ የሚይዙ ጀሪካኖች ደረደረ። የመቀመጫ ቀበቶ መቁረጫ ቢላ ሁለት ቦታ ሰቀለ። ለቃጠሎ የሚሆን ፋሻና ቅባት ሚስቱ ራሷ መርጣ አመጣችለት። ከሁሉ በላይ ግን የሚወደው እሳት ማጥፊያውን ነበር፤ ቀይ፣ ደህና ሕፃን ልጅ የሚያክል፣ አዲስ። ከሾፌሩ መቀመጫ ሥር በብረት ማቀፊያ አሰረው፤ እጁን ዘርግቶ ዓይኑን ጨፍኖ እንኳ ማውጣት ይችላል።

ልምምድም ነበር። ግቢያቸው ውስጥ መኪናው ቆሞ ሳለ ድንገት «እሳት!» ብሎ ይጮሃል። ሚስቱ ሞተሩን አጥፍታ፣ ቀበቶዋን ፈትታ፣ ዘላ ወርዳ በሩጫ ትርቃለች፤ እሱ ማጥፊያውን ይዞ ይዞራል። አንድ ጊዜ ጎረቤታቸው በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ፣ «ኧረ ምንድነው የተቃጠለው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ «ምንም፤ ትዳራችን ነው» አለችው እያለከለከች።

ጉዞው ግን አማረ። የመጀመሪያውን ቀን ያለ ምንም እክል ዋሉ። ሚስቱ ስትዘፍን፣ እሱ የሙቀት መለኪያውን ሲያይ። በማግስቱ ረፋድ ላይ፣ ሜዳው አጋማሽ ሳይደርሱ፣ ከፊታቸው መንገዱ ዳር ጭስ አዩ።

አሮጌ ፒካፕ ነው። አንድ ቀጭን፣ ጺሙን ያልተላጨ ሰውዬ መንገዱ መሐል ገብቶ ሁለት እጁን ያወናጭፋል። ከኋላው አንዲት አሮጊት ነጠላ ጫማቸው አንዱ እግራቸው ላይ ብቻ ቀርቶ ቆመዋል። ገማቹ እንደሚገባው አደረገ። ነፋሱ በየት በኩል እንደሚነፍስ አየ፤ መኪናውን ራቅ አድርጎ አቆመ፤ ሞተሩን አጠፋ፤ ወረደ።

«ወንድሜ! እሳት ማጥፊያ!» ሰውየው እየሮጠ መጣ። «እሳት ማጥፊያ አላችሁ?»

ገማቹ እሳቱን አየው። እንደ እሱ አድርጎ ሊያየው የሚችል ሰው በዚያ ሜዳ ላይ አልነበረም። ከኮፈኑ ጠርዝ የሚወጣው ጭስ ገና ቀለል ያለ ነው። በፊት ፍርግርጉ ውስጥ የሚታየው ነበልባል ጣት ጣት ያክላል። የነዳጅ ቱቦ ነው፤ ገና መጀመሩ ነው፤ ኮፈኑን ገርበብ አድርጎ ዱቄቱን መንፋት ብቻ። ይህን ሁሉ አንድ ጊዜ ዓይኑን እስኪያርገበግብ አውቆታል። በዚያው ቅጽበት ደግሞ ሌላ ነገር መጣበት። ማጥፊያው አንዴ ከተነፋ ባዶ ቆርቆሮ ነው። ከፊታቸው ገና ግማሽ ሜዳ አለ። ሚስቱ አብራው አለች። የእነሱም ሞተር ከጠዋት ጀምሮ ግሏል። ምናልባት የእኛ ቢነሣስ?

«የለንም» አለ።

ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ለራሱም እንግዳ ሆነበት። ሌላ ሰው የተናገረው መሰለው። ሰውየው አንድም ነገር አልጠየቀ፤ አመነው፤ ፊቱን አዙሮ ወደ ፒካፑ ተመለሰ። ሚስቱ በወዲያኛው በር በኩል ወርዳ ቆማ ነበር። ሰምታዋለች። ቀና ብላ አየችው። አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው።

አሁንም ጊዜ ነበረው። «ኧረ አለ፣ ረስቼው ነው» ማለት ይችል ነበር። በኋላ ይህችን ቅጽበት ስንት ጊዜ እንደተመላለሰባት እሱ ብቻ ነው የሚያውቀው። ነገር ግን ሚስቱ ፊት፣ በራሷ ዓይን ፊት፣ የተናገረውን መዋጥ አቃተው፤ በዚያ ፈንታ አካፋውን መዝዞ ሮጠ።

ጉብዝናው የመጣው ያኔ ነው። አሸዋ እየዛቀ ወረወረ። «ኮፈኑን አትክፈተው! ባትሪውን ተወው፣ ራቅ በል!» እያለ ጮኸ። ላቡ ዓይኑ ውስጥ እየገባ፣ ቅንድቡ እየተለበለበ፣ ለአንድም ደቂቃ ሳያርፍ ታገለ። ያየው ሰው ጀግና ይለዋል። አሸዋው ግን ኮፈኑ ላይ እየወደቀ ይንሸራተታል እንጂ እሳቱ ያለበት አይደርስም፤ ይህንንም ከማንም በላይ ያውቅ ነበር። ነበልባሉ ጋቢናው ውስጥ ገባ። ዳሽቦርዱ ተያያዘ። ጭሱ ጠቆረ።

«ሳጥኑ!» አሉ አሮጊቷ።

ማንም ሳይይዛቸው ወደ ፒካፑ ኋላ ሮጡ። ልጃቸው «እማዬ! እማዬ ተይው!» እያለ ተከተላቸው። ከጭነቱ መሐል አንድ የብረት ሳጥን በእጀታው ይዘው ጎትተው አወጡና መሬት ላይ ጣሉት። እጀታው ግሎ ስለነበር መዳፋቸው ላይ ተጣብቆ ነበር። አልጮሁም። እጃቸውን ወደ ደረታቸው ሰብስበው ቁጢጥ አሉ። ትንሽ ቆይቶ ፒካፑ እንዳለ ነደደ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ገማቹ እንደተለማመደው ሆነ። ሚስቱ አሮጊቷን ጥላ ሥር አስቀምጣ እጃቸው ላይ ውሃ ረጋ አድርጋ ለረጅም ጊዜ አፈሰሰች፤ ጀሪካኑን የያዘላት እሱ ነው። ንጹሕ ጨርቅ አደረገችበት፤ በፋሻ ጠቀለለችው፤ የሕመም ማስታገሻ ሰጠቻቸው። እሱን አንድም ጊዜ ቀና ብላ አላየችውም። «ፋሻ»፣ «መቀስ»፣ «ውሃ ጨምር» ብቻ።

አሮጊቷ ግን ያዩታል። «አንተ ልጅ» አሉት። «ምን ዓይነት ሰው ነህ? ሁሉ ነገር ያለህ? ውሃው፣ ፋሻው፣ አካፋው … እኔ እኮ ዛሬ ሞቼ ነበር። ቅንድብህ እንኳ ተቃጠለ ለእኛ ብለህ። ክፉ አይንካህ። ልጅ ይውጣልህ።»

«ኧረ ምንም አይደለም እማማ» አለ።

ሰውየው ጥርስ ሠሪ ነበር። የጥርስ ሐኪም ቤት ወደሌለባቸው ትንንሽ መንደሮች እየዞረ፣ ጥርሳቸው ያለቀባቸውን ሰዎች ድድ ለክቶ፣ ቤቱ ወስዶ ሠርቶ፣ በሌላው ዙር ያመጣላቸዋል። እናቱ፣ «ቤት ብቻዬን አልቀመጥም» ብለው አብረውት ይዞራሉ። መፈልፈያው፣ መሞረጃው፣ የሰም ማቅለጫው፣ ቅርጽ ማውጫው ሁሉ ፒካፑ ላይ ነበር። የተረፈው ሳጥኑ ብቻ ነው፤ ውስጡ ተሠርተው ያለቁ ጥርሶች ውሃ በያዙ ትንንሽ ጠርሙሶች ተደርድረዋል። ጥርስ ሠሪው ከፍቶ አንድ በአንድ አያቸው። አንዱ ጠርሙስ ተሰንጥቋል እንጂ ጥርሶቹ ደህና ናቸው። ሳጥኑን ዘግቶ ወደሚጤሰው ብረት ዞር አለና፣ «በሉ እንሂድ» አለ።

ወደሚቀጥለው ከተማ ይዘዋቸው ሄዱ። አሮጊቷ ከሚስቱ ኋላ፣ ልጃቸው ከሾፌሩ ኋላ ተቀመጡ። ገማቹ መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ከመቀመጫው ሥር ያለው ቀይ ቆርቆሮ እስከ ወገቡ ድረስ እየተሰማው ነዳ። መንገዱ ባነጠረው ቁጥር ማቀፊያው ድምፅ የሚያሰማ ይመስለዋል፤ በሠራው ጥሩ ሥራ ምክንያት ግን ድምፅ የለውም። አሮጊቷ መድኃኒቱ አፍዟቸው እስኪያንቀላፉ ድረስ መመረቅ አላቆሙም። ሚስቱን፣ «የታደልሽ ነሽ፤ እንዲህ ያለ ባል» አሏት።

«አዎ» አለች ሚስቱ፣ መስኮቱን እያየች።

ከተማው ትንሽ ነው። ጤና ጣቢያው እጃቸውን አይቶ፣ የመጀመሪያው እርዳታ ደህና መሆኑን ተናግሮ፣ ለክትትል ያድሩ አለ። ሚስቱ አብራቸው ገባች። ሁለቱ ወንዶች ደጅ ላይ፣ ቀለሙ የተላላጠ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ጸሐይዋ እያዘቀዘቀች ነበር። ገማቹ የሚናገረው ሲጠፋው፣ «መኪናው መድን ነበረው?» ብሎ ጠየቀ። የለመደበት ሆኖ ነው እንጂ ጥያቄው ከአፉ ሲወጣ ምላሱን ቢነክስ በወደደ።

«የለውም» አለ ጥርስ ሠሪው። ቀጠለና፣ «የአንተ ግን አለ» አለ።

«ምኑ?»

«ማጥፊያው።» ጥርስ ሠሪው ወደ እሱ አልዞረም። «እግሬን ሳስገባ ነካሁት። መጀመሪያ ጀሪካን መሰለኝ። ጎንበስ ብዬ ሳየው ቀይ ነው። ጽሑፉን አነበብኩት።»

«እኔ …» አለ ገማቹ።

«ተወው» አለ ጥርስ ሠሪው። «መኪናህ ውስጥ ተቀምጬ ምን ልበልህ? ብናገር አውርደኸን ብትሄድስ ብዬ ፈራሁ። እናቴ እጇ እንደዚያ ሆኖ። እና አመሰገንኩህ። ትዝ ይልሃል? መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ አመሰገንኩህ።»

ትዝ ይለዋል። ከእናትየው ምርቃት ሁሉ ይልቅ እነዚያ ሁለት ምስጋናዎች አሁን እንደ ጥፊ መጡበት።

«ላውጣው? ውሰደው …» አለ ገማቹ፣ ምን እንደሚል ሳያውቅ።

ጥርስ ሠሪው ያን ጊዜ ዞር ብሎ አየው። «አሁን ምን ላጠፋበት?» አለ። ንዴት እንኳ አልነበረበትም፤ ድካም ነው። ቀጠለ፦ «ስማ። ሁለት ነገር። ሳጥኑ ውስጥ ያለው የሰው ጥርስ ነው። ሰዎቹ ለወራት ሾርባ እየጠጡ ሲጠብቁኝ ነው የከረሙት። መኪና የለኝም፣ አንተ አለህ። መንደሮቹ ድረስ አድርሰን።»

«አደርሳችኋለሁ። የፈለጋችሁት ድረስ።»

«ሁለተኛው፣ እናቴ እንዳትሰማ። ጥሩ ሰው አገኘን ብላ ደስ ብሏታል። መኪናችን ነዶ፣ እጇ ተቃጥሎ ያገኘችው እሱን ብቻ ነው። እሱንም አትንጠቃት።»

ከዚያ ተነሥቶ ወደ እናቱ ገባ።

ያን ቀን ምሽት ማደሪያ ክፍላቸው ውስጥ ሚስቱ ጫማዋን እያወለቀች፣ «አንድ ነገር በለኝ እስቲ» አለችው። «ምን አስበህ ነው?»

«አንቺን ነው ያሰብኩት።»

«እኔን አትጥራ!» ጫማውን ወረወረችው፤ ግድግዳው ላይ ሳይሆን መሬት ላይ። «እኔን በዚህ ውስጥ አትጨምረኝ። ብትጠይቀኝ ኖሮ ስጠው ነበር የምልህ።» አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ዝቅ ባለ ድምፅም ቀጠለች፦ «ግን እኔም አልተናገርኩም። ማጥፊያው የት እንዳለ አውቃለሁ። ሰው ፊት ላዋርደው አልፈልግም ብዬ ዝም አልኩ። ስለዚህ አንተን ብቻ ልሰድብህም አልችልም፤ ይኼ ነው የሚያናድደኝ።»

እህቷ ጋ ደውላ መንገድ ላይ የሚረዱት ሰው ስላለ እንደሚዘገዩ ነገረቻት። እህቷ በስልኩ ውስጥ፣ «ለነገሩ የአንቺ ሰው ለዚህ ነው የተፈጠረው» ስትል ድምፁ እሱም ጋ ደረሰ።

በማግስቱ መንደሮቹን መዞር ጀመሩ። በመጀመሪያው መንደር ጥርስ የሚጠብቀው አንድ ግንበኛ ነበር። ጥርስ ሠሪው ያለ መሞረጃ፣ በኪስ ቢላና በትዕግሥት እያስተካከለ ገጠመለት። ግንበኛው አፉን ከፈት ዘጋ አድርጎ፣ መስታወት ላይ አይቶ፣ «አሁን ሚስቴን መሳደብ እችላለሁ፤ በፊት ቃሉ ሁሉ እየሾለከ ሲያስቃት ነበር» አለ። ሁሉም ሳቀ። ከዚያም፣ «እጅዎ ምን ሆነ እማማ?» ብሎ ጠየቀ።

አሮጊቷ ይህን ነበር የሚጠብቁት። ነገሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ተረኩት። እሳቱን፣ ጭሱን፣ «እኔ እኮ ሞቼ ነበር»ን። ከዚያም በደህናው እጃቸው ገማቹን ክንዱን ይዘው ወደ ፊት ሳቡት። «ይኼ ልጅ ነው። እሳት ውስጥ ገብቶ ታገለልን። ቅንድቡን እዩት!» ግንበኛው ተነሥቶ ጨበጠው። የግንበኛው ሚስት ወንበር አመጣችለት። ጥርስ ሠሪው ጎንበስ ብሎ ቢላውን ይጠርጋል።

በሁለተኛው መንደር ወሬው አድጎ ጠበቃቸው። እዚያ ገማቹ አሮጊቷን ከነበልባል መሐል ተሸክሞ አውጥቷል። በሦስተኛው ደግሞ ኮቱን አውልቆ እሳቱን ደብድቧል፤ ኮት ኖሮት አያውቅም። በየደረሱበት የሰዉ እጅ ይዘረጋለታል፣ ውሃ ይቀርብለታል፣ «እንዲህ ያለ ሰው ቀርቷል ብለን ነበር እኮ» ይባልለታል። እሱ ደግሞ መሬት መሬቱን እያየ፣ «ኧረ ተዉ፣ ኧረ ተዉ» ይላል። «አያችሁ? ደግሞ ትሑት ነው!» ይላሉ አሮጊቷ። ሚስቱ በዚህ ጊዜ መኪናው ጋ የምትፈልገው ነገር አይጠፋም።

ሰው ቢሰድበው፣ ቢመታው፣ አንድ ቀን የሚያልቅ ነገር ነው። ይኼ ግን በየመንደሩ አዲስ ነው፤ በየመንደሩ ይወፍራል። ማታ ሲተኛ እንኳ የሚታየው እሳቱ አይደለም፤ የአሮጊቷ ደስ ያለው ፊት ነው።

ከሦስተኛው መንደር ሲወጡ የጠርሙሶቹ ውሃ እንዲቀየር ጉድጓድ ውሃ አጠገብ ቆሙ። ጥርስ ሠሪውና ሚስቱ ሳጥኑን ይዘው ወረዱ። አሮጊቷና እሱ መኪናው ውስጥ ቀሩ። አሮጊቷ ከኋላው ሆነው፣ «ለመሆኑ እናትህ አሉ?» አሉት።

«የሉም እማማ።»

«ቢኖሩ ኖሮ ምንኛ ይኮሩብህ ነበር!»

ይኼን አልቻለውም። ከጥርስ ሠሪው ጋር የተስማማውን ረሳ ማለት አይቻልም፤ እያስታወሰ ነው የተናገረው። ፊቱን ሳያዞር፣ መሪውን እያየ፣ «እማማ፣ እሳት ማጥፊያ ነበረኝ» አለ። «እዚህ፣ ከሥሬ ነው ያለው። ልጅዎ ሲጠይቀኝ የለንም አልኩት። ለራሴ ሰሰትኩ። ብሰጠው መኪናችሁም አይነድም፣ እጅዎም አይቃጠልም ነበር።»

ከኋላው ጨርቅ ሲንቀሳቀስ ሰማ፤ ጎንበስ ብለው እያዩ ነው። የመቀመጫውን ሥር።

«ልጄ ያውቃል?» አሉ።

«ያውቃል። እንዳልነግርዎ ለምኖኝ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ነገርከኝ?»

መልሱ የሚያሳፍር ስለሆነ አልተናገረውም። ሚስቱ በኋላ ሲነግራት መልሱን ቃል በቃል ነገረችው፦ «ለእሳቸው ብለህ አይደለም። ከብዶህ ነው። አንተ አወረድከው፣ እሳቸው ተሸከሙት።» ጥርስ ሠሪው ደግሞ ከጉድጓዱ ተመልሶ የእናቱን ፊት እንዳየ ገባው። ገማቹን አንድ ጊዜ ተመለከተው፤ በሩን ከሚያስፈልገው በላይ ጠንከር አድርጎ ዘጋው። እስከ መጨረሻው መንደር ድረስ አሮጊቷ የተጠቀለለ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ውጭ ውጭውን አዩ። ምርቃቱ ቆመ። ገማቹ ያን ያህል ሲያቃጥለው የነበረው ምርቃት ሲቀር ብርድ ተሰማው።

በመጨረሻው መንደር ጥርስ የሚጠብቁት ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዲሬክተር ነበሩ፤ ረጅም፣ ኮስታራ ሴትዮ። አፋቸውን በመዳፋቸው ሸፍነው ነው የተቀበሏቸው። ጥርሱ ሲገጠምላቸው መስታወት አልጠየቁም፤ ቀና ብለው፣ ድምፃቸውን ሞክረው፣ «ተሰለፉ!» አሉ። ከዚያ ራሳቸው ሳቁ፤ መጀመሪያ በእጃቸው ሸፍነው፣ በኋላ ሳይሸፍኑ። ጥርስ ሠሪው ከእሳቱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ሲል ታየ።

«እጅሽስ?» አሉ ዲሬክተሯ አሮጊቷን።

ገማቹ በሩ አጠገብ ቆሞ ነበር። ሊወጣ ፈለገ፤ እግሩ አልታዘዘውም። መውጣትም ሌላ ውሸት መሰለው። ሚስቱ አጠገቡ መጥታ ቆመች። አሮጊቷ ወደ እሱ ዞረው አዩት፤ ረዘም አድርገው፤ ሊለኩት የፈለጉ ይመስል። ከዚያ ወደ ዲሬክተሯ ተመለሱ።

«መኪናችን ተቃጠለ» አሉ። «ሳጥኑን ሳወጣ ነው እጄ የተቃጠለው። እነዚህ መንገደኞች ደርሰው፣ እጄን በፋሻ ጠቅልለው፣ በመኪናቸው እስከዚህ አመጡን።»

ሌላ አልጨመሩም። እሳት ውስጥ ገባ የለ፣ ቅንድብ የለ። ዲሬክተሯ «እግዜር ይስጣቸው» ብለው ወደ ሌላ ወሬ አለፉ። ገማቹ እያንዳንዷን ቃል በጆሮው ይዞ ቀረ። የጎደለም የተረፈም አልነበረባትም፤ ከተነገረለት ሁሉ አንገቱን ሳይደፋ ሊሰማት ይችል የነበረው ያቺን ብቻ ነበር። አንገቱን ግን ደፋ።

ከዚያ መንደር ወደ ጥርስ ሠሪው ከተማ የሚሄድ አውቶቡስ ነበር። ገማቹ ቤታቸው ድረስ ላድርሳችሁ ቢል ጥርስ ሠሪው፣ «በቃ፤ ጥርሱ ደርሷል» አለው። አልተጨባበጡም፤ ሳጥኑን ተቀባበሉ እንጂ። አሮጊቷ አውቶቡሱ ላይ ሊወጡ ሲሉ ደረጃው ከፍ አለባቸው። አንድ እጃቸው የተጠቀለለ፣ በሌላው የልጃቸውን ትከሻ ሊይዙ ቢሞክሩ ልጃቸው ቀድሞ ገብቷል። ገማቹ ከኋላ ቀርቦ ክርናቸውን ደገፈ። ዞር ብለው ማን እንደሆነ አዩ። ክርናቸውን መንጭቀው ያስለቅቁታል ብሎ ጠበቀ።

«ቀስ በል፤ ያመኛል» አሉት።

ቀስ አለ። ወጡ። በሩ ተዘጋ፤ አውቶቡሱ አቧራውን አስነሥቶ ሄደ። ሚስቱ ቁልፉን ከእጁ ወሰደችና በሾፌሩ በር ገባች። እሱ ወደ ባሕሩ ወደሚወስደው መንገድ ፊቱን አዙሮ አጠገቧ ተቀመጠ፤ እህቷ ቤት ደርሰው ለሚጠየቁት ምን እንደሚመልስ እያሰበ፣ እንደተለመደው አስቀድሞ ሊዘጋጅበት እየሞከረ። ምንም አልመጣለትም።